መኪና ውስጥ ለማደር ስትዘጋጁ ኪስ የሚያራቁቱ ስህተቶች

ቤዝመንታችን ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ የቆመ አንድ ትልቅ ኮምፖልሳቶ አለ። ተለክቶ፣ ተቆርጦ፣ ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍጎ ያለቀለት ነው። አልጋ ሊሆን ነበር። እንዲህ እንደቆመ ሁለት ዓመት ሆነው። ባለቤቴ ልብስ ልታጥብ በወረደች ቁጥር "አልጋችን፣ እንዴት አደርክ?" ትለዋለች።

የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። መኪናችን የ2012 ቶዮታ ራቭ ፎር ናት። የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ተራሮች ሩቅ አይደሉም፤ በጥቅምት ቅጠሉ ሲቀላ ግን የአካባቢው ሆቴል ዋጋ አይቀመስም። ስለዚህ "መኪናችን ውስጥ እንደር" አልን። ከዚያ በኋላ የሆነው አብዛኛው የእኔ ጥፋት ነው።

ሳያድሩበት መሥራት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ሌሎቹ ሁሉ የሱ ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል።

እኔ ሥራዬን የጀመርኩት ዩቲዩብ በማየት ነበር። መሳቢያ ያለው አልጋ፣ የሚታጠፍ ጠረጴዛ፣ ትንሽዬ ፍሪጅ፣ ጣሪያው ዙሪያ ብልጭ ድርግም የሚሉ መብራቶች። በሁለት ሳምንት ውስጥ 400 ዶላር ገደማ ወጣ። መኪናዋ ውስጥ ግን አንድም ሌሊት አልተኛሁም። ከዚያ ሁሉ ግዢ ዛሬ የምንጠቀምበት ስፖንጁንና የመስታወት መሸፈኛውን ብቻ ነው።

አንድ ብሎን ከመግዛታችሁ በፊት የኋላ ወንበሩን እጠፉት። ቤት ያለውን ፍራሽ ወይም ሁለት ወፍራም ብርድ ልብስ አንጥፉ። ጋቢያችሁን ያዙና ደጃችሁ ላይ እደሩ። ጎረቤት ቢያይ "ተጣልተው ነው" ይላል፣ ያልፋል። ጠዋት ላይ የጎደለውን ሰውነታችሁ ይነግራችኋል። ለእኔ የነገረኝ ወገቤ ነው። የታጠፈ ወንበር ሜዳ ይመስላል እንጂ ሜዳ አይደለም። ወደ ፊት ትንሽ ከፍ ይላል። ወንበሩና የዕቃ መጫኛው ወለል የሚገናኙበት ቦታ ላይም ጎድጎድ ያለ ነገር አለ። ይህን ለማስተካከል አናጢ መሆን አያስፈልግም። ጎድጓዳው ላይ የታጠፈ ብርድ ልብስ ወይም ቁራጭ ስፖንጅ ማድረግ በቂ ነው። ከፊት ወንበሮቹ ጀርባ ለሚቀረው ክፍተት ደግሞ ልብስ የተሞላ የፕላስቲክ ሣጥን አስገቡበት። ትራሳችሁ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው።

ርዝመቱን ለክቶ ከፍታውን መርሳት

ቁመቴ 1 ሜትር ከ78 ነው። የፊት ወንበሮቹን እስከ መጨረሻው ገፍቼ ስለካው ርዝመቱ ልክክ አለልኝ። ደስ አለኝ። ከዚያ ሥሩ ዕቃ እንዲይዝልኝ ብዬ ከወለሉ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ አልጋ ሠራሁ። በላዩ 10 ሳንቲ ሜትር ስፖንጅ ጨመርኩ። ገብቼ ስጋደም ጣሪያው አፍንጫዬ ላይ መጣ። ቁጭ ማለት የለም። ካልሲ ማውለቅ ራሱ ትግል ነው። ባለቤቴ አንገቷን አስገብታ አየችና "ይሄ አልጋ ነው ወይስ የሬሳ ሣጥን?" አለች።

ሂሳቡ ቀላል ነበር። እንደኛዋ ባለ ትንሽ ኤስዩቪ ውስጥ ከወለሉ እስከ ጣሪያው አንድ ሜትር ቢገኝ ነው። ቁጭ ያለ አዋቂ ሰው ደግሞ ከመቀመጫው እስከ አናቱ ወደ 90 ሳንቲ ሜትር ይፈልጋል። አልጋው ላይ የምትጨምሩት እያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር ከአንገታችሁ ላይ የሚቀነስ ነው። ተራራ ላይ ዝናብ ሲይዛችሁ ሦስት ሰዓት መኪና ውስጥ ልትቀመጡ ትችላላችሁ። ያን ጊዜ ቀጥ ብሎ መቀመጥ ከየትኛውም መሳቢያ ይበልጣል።

ስትለኩ የኋላው በር እንዴት እንደሚከፈትም እዩ። የእኛ ዓይነት፣ እስከ 2012 የተሠራ ራቭ ፎር፣ የኋላ በሩ እንደ ቤት በር ወደ ጎን ነው የሚከፈተው። ዝናብ ሲመጣ መጠለያ አይሆንም። ከ2007 ወዲህ ያለው ሆንዳ ሲአርቪ ግን ወደ ላይ ስለሚከፈት ከሥሩ ቆሞ ማብሰል ይቻላል። ስለ ሲአርቪ ካነሳሁ አይቀር፣ እስከ 2006 የተሠሩት ከኋላ ወለላቸው ላይ የሚነሳው ክዳን እግሩ የሚዘረጋ የሽርሽር ጠረጴዛ ነው። ከፋብሪካው አብሮ የመጣ። ለዓመታት እየነዱት የማያውቁ ሰዎች አሉ። አሮጌ ሲአርቪ ካላችሁ ጠረጴዛ ከመግዛታችሁ በፊት ሂዱና ወለሉን አንሱት።

ወለል መብሳት፣ ወንበር መንቀል

አልጋው እንዳይነቃነቅ ብላችሁ ወለሉን በድሪል እንዳትበሱ። በአብዛኞቹ ትንንሽ ኤስዩቪዎች የነዳጅ ታንኩ ያለው ከኋላ ወንበሩ ሥር ነው። የፍሬን ቱቦና የኤሌክትሪክ ገመድም በዚያው ያልፋል። ፋብሪካው ራሱ ዕቃ ማሰሪያ ቀለበቶች ሠርቷል። አልጋም ሆነ ሣጥን እነሱ ላይ በቀበቶ ይታሰራል። ሳይታሰር የቀረ ዕቃ ደግሞ ድንገት ፍሬን ስትይዙ የሚሄደው ወደ ጭንቅላታችሁ ነው።

ወንበር ነቅሎ ቦታ ማስፋት የሚወዱም አሉ። ለጥቂት ሳንቲ ሜትር ብሎ ክሩስኮቱ ላይ የኤርባግ መብራት ማብራት አይታየኝም። በተለይ ቢጫ ሶኬት ያለበትን ገመድ አትንኩ። ቢጫ ከሆነ የኤርባግ ነው።

ይሄኛው ለሃይብሪድ ነጂዎች ነው። ዲሲ አካባቢ ኡበር የሚሠሩ ብዙ ወንድሞቻችን የያዙት ራቭ ፎር ሃይብሪድ ነው። ትልቁ የሃይብሪድ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር ተቀምጦ ማቀዝቀዣ አየር የሚስበው እዚያው ወንበሩ ሥር ባለ ወንፊት ነው። ብርድ ልብስ ወይም ሻንጣ ወንፊቱን ከደፈነው ባትሪው ይግላል። የሱ ጥገና ሂሳብ ስንት ሆቴል እንደሚያሳድር አስቡት።

ክብደትን እንደ ቀልድ ማየት

የሾፌሩን በር ስትከፍቱ ጠርዙ ላይ አንድ ትንሽ ወረቀት ተለጥፏል። ሰውና ዕቃ ተደምሮ ከስንት ኪሎ ማለፍ እንደሌለበት ይናገራል። እናንተም ትቆጠራላችሁ። ውኃ 20 ሊትር ብትይዙ 20 ኪሎ ነው። አራት በስምንት ጫማ የሆነ፣ ሦስት ሩብ ኢንች ውፍረት ያለው አንድ ሙሉ ኮምፖልሳቶ ብቻውን 30 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። እንጨት ግድ ከሆነባችሁ ግማሽ ኢንቹ ይበቃል፤ ሱቁ ውስጥ አስቆርጡት፣ ሙሉው መኪናችሁ ውስጥ አይገባም። ፖርቶ መጋላው ላይ የሚጫነው ገደብ ከዚህም ያነሰ ነው። ቁጥሩ በመኪናው መጽሐፍ ውስጥ አለ።

መስታወት ዘግቶ መተኛት

ብርድ ፈርተን ግጥም አድርገን ዘጋን። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ግንባሬ ላይ ጠብ አለብኝ። ዝናብ መሰለኝ። የራሳችን ትንፋሽ ነበር። ሁለት ሰው ሌሊቱን ሲተነፍስ እርጥበቱ ቀዝቃዛው መስታወትና ጣሪያ ላይ ውኃ ይሆናል። ከዚያ ስፖንጁ ውስጥ ይገባል፣ ከሳምንት በኋላም ሻጋታ ይሸታል።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ሁለት መስታወት፣ ከግራ አንድ ከቀኝ አንድ፣ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አድርጉ። አየር በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ለትንኝ የአጎበር ቁራጭ በማግኔት በሩ ላይ ለጥፉ። ጠዋት ሁሉንም በር ከፍታችሁ ስፖንጁን አቁሙት።

ብርዱን በተመለከተ፣ ግድግዳው ውስጥ ኢንሱሌሽን መጠቅጠቅ በትንሽ መኪና ትርፉ ድካም ነው። የመኪናው ዙሪያ ግማሹ መስታወት ነው። ገንዘቡን መስታወቱ ላይ አውሉት፦ መጀመሪያ በካርቶን ልኩን ቁረጡ፣ ከዚያ ያንን ብርማ አንጸባራቂ መሸፈኛ በካርቶኑ ልክ ቁረጡት። ከላይ ብርድ ልብስ ከመደራረብ በፊት ደግሞ ከሥር ያለውን አወፍሩ፤ ብርዱ የሚመጣው ከታች ነው። ጋቢ ደረቅ እስከሆነ ድረስ አንደኛ ነው። ጥጥ ስለሆነ ግን እርጥበት ከያዘ አያሞቅም፣ ቶሎም አይደርቅም። ስለዚህ ጋቢያችሁን ከመስታወቱ አርቁ። ቡሉኮ ያለው ሰው ምክሬ አያስፈልገውም።

"ቡናውን እዚሁ ውስጥ ላፍላ"

እዚህ ላይ ቀልድ የለም።

ቡና ያለ ጀበና፣ ጀበና ያለ ከሰል አይሆንልንም። ግን ሁላችንም አገር ቤት ሳለን ከሰል አፍኗቸው ያደሩ ሰዎች ወሬ ሰምተን ነው ያደግነው። ከሰሉ ሲቀላ ጢስ የለውም፤ የሚገድለው ጋዝ ግን አለ። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፣ እንቅልፍ ብቻ ነው የሚመስለው። መኪና ከቤት ክፍል ያነሰ ነው። መስታወት ዝቅ ማድረግም አያድንም። ከሰልም ቡታጋዝም ውጭ፣ ማንደድ በተፈቀደበት ቦታ ብቻ። ለሙቀት ብሎ ሞተር አስነስቶ መተኛትም ያው ነው፤ በተለይ ማርሚታው በበረዶ ከተደፈነ ጭሱ ወደ ውስጥ ይመለሳል። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ግዙና ራስጌ ላይ አስቀምጡት። ከምትገዙት ሁሉ የማልደራደርበት እሱ ነው።

ቤት ቡና የምናፈላባት ያቺ ባለ ጣሳ የጠረጴዛ ምድጃ በቅዝቃዜ ትለግማለች። ጣሳው ውስጥ ያለው ቡቴን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ወደ ጋዝነት መለወጥ ያቅተዋል። ጣሳውን ሌሊት ልብስ ውስጥ ጠቅልላችሁ አሳድሩት፤ ክረምት ላይ ከሆነ ግን በፕሮፔን የሚሠራ ምድጃ ያዙ።

የመኪናውን ባትሪ እንደ ሶኬት መቁጠር

የመኪና ባትሪ የተሠራው ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ኃይል ሰጥቶ ሞተር ለማስነሳት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ፍሪጅ ካሠራችሁበት ጠዋት "ጠቅ ጠቅ" ይላችኋል፣ ሞተሩ አይነሳም። ተራራ ላይ ደግሞ ስልክም ላይሠራ ይችላል። በጀቱ ጠባብ ለሆነ ሰው ለሁለት ሌሊት ፍሪጅ አያስፈልግም። የውኃ ጠርሙሶች ፍሪዘር ውስጥ በረዶ አድርጋችሁ አይስ ቦክስ ውስጥ ደርድሩ። ሲሟሟ ትጠጡታላችሁ። ለስልክ ፓወር ባንክ፣ ለመብራት የግንባር ባትሪ።

አብዛኛው የአገራችን የመንገድ ስንቅ እንኳን ፍሪጅ እሳትም አይፈልግም። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ ጭኮ። ድርቆሽ ደግሞ ለካምፕ የተፈጠረ ነው፤ ሽንኩርትና በርበሬ በትንሽ ዘይት ቁሌት አድርጎ ፍርፍር ነው። እኛ በመጀመሪያው ጉዞ ዶሮ ወጥ ይዘን ሄደን ድስቱ ኩርባው ላይ ተደፋ። መኪናዋ እስከ ገና ዶሮ ዶሮ ትሸት ነበር። ሸናንዶዋ ጥቁር ድብ ያለበት ጫካ ነው፤ ምግብ ጠረጴዛ ላይ ጥሎ መተኛት ክልክል ነው። ለምግብ የተዘጋጀ የብረት ሣጥን ካለ እሱ ውስጥ ቆልፉት።

የት እንደሚታደር ሳይጠይቁ መሄድ

በፓርኩ ሸንተረር ላይ የሚሄደው ስካይላይን ድራይቭ 105 ማይል ነው። በየኩርባው መኪና አቁሞ ዕይታ የሚደነቅባቸው ቦታዎች አሉ። ማደር ግን እዚያ አይፈቀድም። የሚታደረው ካምፖቹ ውስጥ ከፍሎ ነው። ከነሱ ትንሿ ሉዊስ ማውንቴን ትባላለች። ዘር እየለዩ በሚያስተናግዱበት ዘመን፣ በ1939፣ ለጥቁሮች ተብላ ተለይታ የተከፈተች ናት። ዛሬ ጀበና ይዘን የምንቀመጥባት እሷ ውስጥ ነው፤ ባለቤቴ ሌላ ቦታ አትፈልግም። በነጻ ማደር የፈለገ ደግሞ በስተ ምዕራብ ያለው የጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን አለለት። ካልተከለከለ ቦታ በስተቀር ይፈቀዳል፤ ምልክቱን አንብቡ።

እኔ ይህን ያወቅኩት ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ፣ አንድ ጥበቃ መስታወታችንን በእጅ ባትሪ ሲያንኳኳ ነው። ጨዋ ሰው ነበር። "እዚህ አይታደርም፣ መኪናውን አንሱ" አለ። እሺ አልን። የሾፌሩ ወንበር ግን እስከ ጣሪያው በዕቃ ተሞልቷል። መሪው ላይ የባለቤቴ ጃኬት፣ ጃኬቱ ላይ ሻንጣ፣ ሻንጣው ላይ አይስ ቦክስ። ቁልፉ የት እንዳለ አላውቅም። ሰውየው ባትሪውን አብርቶልን፣ እሷ ጋቢዋን ተከናንባ ዕቃ እያቀበለችኝ፣ ወንበሩን ባዶ ለማድረግ ሃያ ደቂቃ ፈጀብን። ቁልፉ ጫማዬ ውስጥ ተገኘ።

አሁን የሾፌሩ ወንበር ላይ ከአንድ ጃኬት በቀር ምንም አይቀመጥም። ቁልፉም መሪው ሥር ባለችው ኪስ ነው የሚያድረው።