ከእረፍት ወደ ትራያትሎን ልምምድ ሲመለሱ፦ ችግርና መፍትሄ

ከውድድር ወቅት በኋላ ጥቂት ሳምንታት ያረፈ የትራያትሎን (የዋና፣ የብስክሌትና የሩጫ) ስፖርተኛ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው በተመለሰበት ሳምንት አይደለም። ጉዳቱ የሚመጣው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት፣ ጉልበቱ እንደ ቀድሞው መስሎ ሲሰማው ነው። ልብና ሳንባ ቶሎ ያገግማሉ፤ ጅማትና አጥንት ይዘገያሉ። ከዚህ በታች ያለውን በዚህ ዓይን አንብቡት።

በቀላል ሩጫ የልብ ምት ከልክ በላይ ይጨምራል

ልምምድ ሲቆም ቀድሞ የሚቀንሰው ፕላዝማ፣ ማለትም የደም ፈሳሽ ክፍል ነው። ልብ በአንድ ምት የሚረጨው ደም ስለሚያንስ ጉድለቱን በምት ብዛት ያካክሳል። ፕላዝማ ቶሎ ስለሚመለስ ሁለት ሳምንት ያህል ቀላል ልምምድ ለውጡን ያሳያችኋል። እስከዚያ ያለፈውን ዓመት ፍጥነት እርሱትና ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር በምትችሉበት ልክ ሥሩ። ከውጭ አገር ለገናና ለጥምቀት አዲስ አበባ ገብታችሁ ልምምዱን እዚያው ከጀመራችሁ ደግሞ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ያለው ከፍታ ራሱ ምቱን ይጨምረዋል። የደረት ሕመም ወይም ራስን መሳት ካለ ግን ወዲያውኑ አቁማችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ባት፣ የተረከዝ ጅማት ወይም ቅልጥም ያማል

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። በሩጫ እያንዳንዱ እርምጃ ከሰውነት ክብደት ሁለትና ሦስት እጥፍ የሚደርስ ጫና በእግር ላይ ያሳርፋል፤ ዋናና ብስክሌት ይህ ጫና የላቸውም። ስለዚህ በብስክሌትና በዋና ልቡን ያጠነከረ ሰው፣ እግሩ ያልተዘጋጀበትን ፍጥነት ሳይደክመው ይሮጣል። የተረከዝ ጅማት የደም አቅርቦቱ አነስተኛ በመሆኑ የሚጠነክረው በወራት እንጂ በቀናት አይደለም።

መፍትሄው ሩጫውን ከሌሎቹ ሁለቱ ለይቶ ከታች መጀመር ነው። አራት ደቂቃ ሩጡ፣ አንድ ደቂቃ ተራመዱ፤ ጠቅላላው ከ30 ደቂቃ አይብለጥ፤ ሁለት ቀን አከታትላችሁ አትሩጡ። ከብስክሌት ወርዶ ወዲያው መሮጥን ለአንድ ወር ያህል አቆዩት። ደረጃ ጠርዝ ላይ በእግር ጣት ቆማችሁ ተረከዛችሁን በዝግታ ማውጣትና ማውረድን በየሁለት ቀኑ ሥሩ።

ሕመሙን ደግሞ በማግስቱ ጠዋት መዝኑት። ከአልጋ ስትነሡ የተረከዙ ግትርነት ከትናንቱ ከባሰ ሩጫውን ቀንሱ። በአጥንት ላይ በአንድ ጣት ልታመለክቱት የምትችሉት፣ ሌሊትም የሚሰማ ሕመም ከሆነ ግን የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ይችላል፤ «እስኪ ልሞክረው» ሳትሉ ሩጫ አቁማችሁ ተመርመሩ።

ውሃው አልያዝ ይላል

ክንዳችሁ ይገፋል፣ እናንተ ግን ወደፊት አትሄዱም። ዋና ከጉልበት ይልቅ የእጅ ስሜት ይፈልጋል፤ ስሜቱ ደግሞ በመቋረጥ ይጠፋል። በሳምንት አንድ ረጅም ቀን ከምትዋኙ ሦስት አጫጭር ቀን ዋኙ፤ በአንድ ጊዜ ከ25 ወይም ከ50 ሜትር ሳታልፉ፣ አቋቋማችሁ ሲበላሽ አርፋችሁ ቀጥሉ። መዳፍ ላይ የሚታሰረው የዋና መቅዘፊያ ትከሻን ስለሚያስጨንቅ ለጊዜው ይቆይ።

ብስክሌቱ ይከብዳል

መጀመሪያ ጎማውንና ሰንሰለቱን እዩ። ያለ ውስጥ ጎማ የሚሠራ ከሆነ ማሸጊያ ፈሳሹ በወራት ውስጥ ይደርቃል። የመቀመጫው ሕመም በአጫጭር ጉዞዎች ይለቃል፤ ከእረፍት በፊት በብስክሌት የለካችሁትን የኃይል ፈተና ቁጥር ግን ሦስትና አራት ሳምንት ሠርታችሁ እንደገና እስክትለኩ አትከተሉ።

እንቅልፍ ጠግባችሁም ድካሙ አይለቅም

አውሮፓና አሜሪካ የምትኖሩ ከሆነ ልምምዱ ከፍ የሚልበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ ቆይቶ ከባድ ልምምድ መሥራት ማገገምን ያዘገያል፤ ከባዱን ከምግብ በኋላ አድርጉት፣ ጠዋቱን ለቀላል እንቅስቃሴ ተዉት። ከሥጋና ከእንቁላል መራቅ የብረት ማዕድን እጥረትንም ሊያስከትል ይችላል፤ የወር አበባ ላላቸው ሴቶች ስጋቱ ይጨምራል። ምስር ወጡን ሎሚ ከተጨመረበት ሰላጣ ጋር ብሉ፣ ቡናና ሻይን ከማዕዱ አርቁ። የብረት እንክብል ከመውሰዳችሁ በፊት ግን በሰውነት የተከማቸውን ብረት የሚያሳየውን ፌሪቲን የተባለውን የደም ምርመራ አሠርታችሁ ውጤቱን ለሐኪም አሳዩ፤ ሳያስፈልግ የተወሰደ ብረት ጉዳት አለውና።