ቀኑን ሳይሆን ታቦቱን ጠይቁ

በቀይ ሽብር ጊዜ ወጥቶ የቀረ አጎት ወይም አክስት ያላችሁ፣ አያታችሁን «መቼ ነው የወሰዱት?» ስትሏት «እኔ እንጃ፣ ድሮ ነው» ብላ ዝም ካለች ጥያቄውን ቀይሩት። «ያን ለት የማን ታቦት ነበር?» በሏት።

ሚካኤል ካለች 12 ነው። ገብርኤል 19፣ ማርያም 21፣ መድኃኔዓለም 27፣ ባለወልድ 29። ወሩን ደግሞ ጾም ገብቶ ነበር ወይ፣ ዝናብ ነበር ወይ እያላችሁ ታጠባላችሁ፤ ሙስሊም ቤት ከሆነ ረመዳን ነበር ወይ በሉ። ዓመቱ ብዙ ጊዜ 1969 ወይም 1970 ነው፣ ያን ጊዜ ማን ጡት ይጠባ እንደነበር ስትጠይቁ ይለያል። የኔ አያት አርባ ዓመት ሙሉ አላውቅም ያለችውን ቀን፣ ቡና እየቆላች «የባለወልድ ለት፣ ከቤተክርስቲያን ስመለስ» ብላ በአንድ ትንፋሽ ነገረችኝ። መቁያውን እንኳ አላወረደችም።

ለምን ይሠራል? ያኔ ብዙ ቤተሰብ ለቅሶ እንዳይቀመጥ ተከልክሏል። መቃብር የለም፣ ተዝካር የለም፣ ቀኑ የተጻፈበት ነገር የለም። እናቶች የያዙት በወር በወር በሚመጣው በዓል ነው።

ውጭ አገር ሆናችሁ በፈረንጅ ቀን የምትመዘግቡ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ጨምሩ።

ግን በስልክ አትጠይቁ። ዘመድ በተሰበሰበበትም በፍጹም፣ ምክንያቱም የጠቆመው ሰው እዚያው ቁጭ ብሎ ሊሆን ይችላል።