ግቢ ስትገቡ እኔ የሠራኋቸውን ስህተቶች አትድገሙ

የመንዝ ልጅ ነኝ። በሕፃንነቴ ፖሊዮ ቀኝ እግሬን ይዞኝ ለአጭር መንገድ ክራንች፣ ለረጅሙ ዊልቸር እጠቀማለሁ። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩትም እዚያው ሰሜን ሸዋ፣ ደጋው ላይ ነው። የቱ ግቢ እንደሆነ ይቅር። ዘንድሮ የአክስቴ ልጅ ክራንቿን ይዛ ፍሬሽማን ልትገባ ስለሆነ ስልክ ላይ ያወራኋትን ለሌላውም ይሆናል ብዬ ጻፍኩት።

የመጀመሪያው ስህተቴ ዝም ማለት ነው። ቅጹ ላይ የአካል ጉዳት አለ ወይ ሲል ባዶ ተውኩት። አፈርኩ፤ ደግሞ የምፈልገውን ዲፓርትመንት ይከለክሉኛል ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ዶርም ሲደለደል ሦስተኛ ፎቅ ደረሰኝ። ሊፍት የሚባል ነገር የለም። ሮጬ ሄጄ ብናገር ታች ያሉት ክፍሎች ሞልተዋል። እስኪቀየርልኝ ድረስ ማታ ማታ ደረጃውን በቂጤ እየተጎተትኩ ወጣሁ፤ የሱሪዬን ነገር አትጠይቁኝ። ስለዚህ ከምዝገባው ቀን በፊት ተናገሩ። ስትናገሩ ደግሞ «አካል ጉዳተኛ ነኝ» ብላችሁ አታቁሙ። ከዚያ በኋላ የሚያስፈልጋችሁን የሚገምተው ሌላ ሰው ነው። «ግራውንድ ያለ ዶርም፣ ተቀምጬ የምጠቀምበት ሽንት ቤት ያለው፣ ከካፌ ያልራቀ» ብላችሁ ዘርዝራችሁ በጽሑፍ ስጡ። ኮፒውን ያዙ።

ሁለተኛው ርቀትን በሰው እግር መለካት ነው። «ላይብረሪው የት ነው?» ስል «እዚህ ጋ ነው፣ አምስት ደቂቃ» አሉኝ። ለእነሱ አምስት ደቂቃ ነው። ለእኔ ኮብልስቶኑን ሽቅብ ሃያ አምስት ሆነ። የዊልቸር የፊት ጎማዎች ትንንሽ ናቸው፤ ሁለት ድንጋይ መሃል ሲገቡ ቀጥ ይላሉ፣ እናንተ ግን ወደፊት ትቀጥላላችሁ። በግንባሬ ከወደቅኩ በኋላ ነው ዘዴው የገባኝ። እንዲህ ያለ ቦታ ስደርስ ወንበሩን አዙሬ ትልልቁን ጎማ አስቀድማለሁ፤ ጓደኛ ካለ ደግሞ እንደዞርኩ ከኋላ ይጎትተኛል። ትምህርት ሳይጀመር እሁድ ጠዋት የክፍል ፕሮግራማችሁን ይዛችሁ ሂዱበት፤ ከዶርም ካፌ፣ ከካፌ ክፍል፣ ከክፍል ላይብረሪ። ባዶ እጃችሁን ሳይሆን ቦርሳችሁን ሞልታችሁ። ሰዓት ያዙ። ዝናብ ከዘነበ በኋላም አንዴ ድገሙት፤ በደረቁ ቆንጆ የነበረችው አቋራጭ መረሬ አፈር ሆና ጎማ ትይዛለች።

ሦስተኛው ራምፕ፣ ማለትም ዊልቸር በደረጃ ፈንታ የሚወጣበት ተዳፋት፣ አለ ሲባል ማመን ነው። አለ እኮ! ሲሚንቶ ተለስኖ ይታያል። በተለመደው መለኪያ ግን ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል። 15 ሳንቲ ሜትር የሆነች አንዲት ደረጃ እንኳ 1 ሜትር ከ80 ትጠይቃለች። ሦስት ደረጃ ከሆነ 5 ሜትር ከ40። እኔ ያጋጠመኝ ሦስቱን ደረጃ በሁለት ሜትር ግድም የጨረሰ ነበር፤ እሱን ግድግዳ ብንለው ይቀላል። ግማሽ ላይ ደርሼ ወደኋላ ተንሸራተትኩ፤ የያዘኝ ከኋላዬ ይመጣ የነበረ መምህር ነው። ሌላው ጉድ ደግሞ ራምፑ አልቆ በሩ በሰንሰለት ተቆልፎ ማግኘት ነው።

እንዲህ ሲሆን አትነጫነጩ፣ ማመልከቻ ጻፉ። እኔ ስማር የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 አንቀጽ 36 የሕዝብ ሕንፃ ለዊልቸር ተጠቃሚም፣ ደረጃ መውጣት ለማይችልም መግቢያ እንዲኖረው ይል ነበር። ዩኒቨርሲቲዎችን የሚመለከተው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ደግሞ ቁጥር 1152/2011 ነበር። አለመቀየራቸውን አጣሩና ሁለቱንም በቁጥራቸው ጥቀሱ፤ ወረቀት የሚቀበለው ሰው አቀማመጡን ያስተካክላል። ግን ራምፕ ይሠራልን ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ፣ እስኪሠራ ትመረቃላችሁ። «ክፍሉ ወደ ታች ይዛወርልን» በሉ። ለእኔ በሦስት ቀን ተዛወረልኝ።

ብርዱን መናቅም አለ። ደጋ ተወልጄ አድጌ እንኳ ኅዳር ላይ የዊልቸሩ ብረት በውርጭ እጅ እንደሚልጥ አላውቅም ነበር። ጓንት ግዙ፣ መዳፉ ላስቲክ የሆነውን። እናቴ የላከችልኝን ባና፣ የበግ ፀጉር ብርድ ልብሱን፣ ጉልበቴ ላይ ጣል አድርጌ ስሄድ ደግሞ ጫፉ ጎማው ውስጥ ገባና ጠቅልሎ አቆመኝ። ከሥር ወሸቅ አድርጉት። የክራንች ጫፍ ጎማም ቶሎ ያልቃል፤ ያለቀ ጎማ እርጥብ ሴራሚክ ላይ ማለት በቃ መውደቅ ነው። ትርፍ ይኑራችሁ።

ጥገናውን ረጅም አላደርገውም። ጎማ ሲፈነዳ ጎሚስታ ጋ ይለጠፋል። ኩሽኔታው ሲንጫጫ ግራሶ ይፈልጋል። በፈተና ሳምንት እስኪበላሽ አትጠብቁ።

እርዳታን ሳይመሩ መቀበል ሌላው ነው። የእኛ አገር ሰው ደግ ነው፤ ችግሩ ሳይጠይቅ ደግ መሆኑ ነው። «እኔን! እኔን!» እያሉ ከንፈር ይመጡና አራት ሆነው ብድግ ያደርጓችኋል። አንድ ቀን እንዲህ ሲያነሱኝ አንዱ የያዘው ተነቃይ የእጅ መደገፊያ ነበርና በእጁ ቀረ፤ ወንበሩም እኔም ዘመም አልን። አሁን ማንም ሳይነካኝ በፊት «ወንድሜ፣ እሱን ተወው፣ ከታች ያለውን ብረት ያዝ» እላለሁ። ይቀየሙኛል ብላችሁ አታስቡ፣ እንዲያውም ደስ ይላቸዋል። ዓይነ ስውር የሆነው የዶርሜ ልጅም በነጭ ዘንጉ ጫፍ እየጎተቱ ያማርሩት ነበር። «ክርንህን ስጠኝ፣ እኔ እይዝሃለሁ» ማለትን ለመደ። እሱ የሚለው ሌላ ነገርም አለ። መንገድን በድምፅ ብቻ መያዝ ስህተት ነው፤ የደጋ ነፋስ ሲነሳ የካፌው ጫጫታም የጄኔሬተሩም ድምፅ አቅጣጫው ይጠፋል። እሱ የሚይዘው ኮብልስቶኑ አልቆ ሲሚንቶ የሚጀምርበትን ጠርዝ ነው። በየሳምንቱም አዲስ የአሸዋ ክምር ወይም ክዳኑ የተነሳ ቦይ እንዳለ አንዱን ይጠይቃል።

የመጨረሻውን ለመጻፍ ትንሽ አፈርኩ፤ ግን ብዙዎቻችን የምናደርገው ነው። ሽንት ቤቱ ስለማይመች ውሃ አለመጠጣት። እኔ ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ብርጭቆ ሳልጠጣ እውል ነበር። ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይዞኝ አንድ ሳምንት ተኛሁ። የሚገርመው የምፈልገው ነገር ክፍላችን ሥር ነበር፤ ሰፊ በር ያለው፣ መቀመጫ ያለው፣ ሁልጊዜ የሚቆለፍ። እኔ ከቢሮ ቢሮ ስንት ጊዜ ስመላለስ፣ ቁልፉ ያለው የፅዳት ሠራተኛዋ ጋ ነበር። አንድ ቀን «እትዬ፣ ይሄ በር ለማን ነው?» አልኳቸው።

«ለእናንተ ነዋ ልጄ! ጠያቂ ጠፍቶ ነው እንጂ» አሉና ከጋዋናቸው ኪስ ቁልፍ አውጥተው ሰጡኝ። በማግስቱ ከተማ ወርጄ አስቀረጽኩ። የመጀመሪያዋን ለእሳቸው መለስኩ፤ ቅጂዋን ደግሞ ስመረቅ በዊልቸር ለገባ ለአንድ የሁለተኛ ዓመት ልጅ አስረከብኩት።