ከጊርቦክሱ ስር ጠብ ያለው ኩላንት የጊርቦክሱ አይደለም

«መኪናዬ ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) እያነሰባት ነው» ብላችሁ ለሰው ከተናገራችሁ መጀመሪያ የምትሰሙት «ራዲያተር ቀይር» የሚል ነው። አንዳንዴ ልክ ይሆናል። ግን የሚያፈስበትን ቦታ በዓይናችሁ ሳታዩ ሳንቲም አታውጡ።

የማወራው ስለ መጀመሪያዋ ማዝዳ ሚያታ ነው፤ አሜሪካ ከ1990 እስከ 1997 ሞዴል ስለተሸጠችው፣ መብራቷ ከፊት ብቅ ስለሚለው። የኔዋ የ1994 ናት፣ ባለ 1.8 ሊትር ሞተር። እዚህ ቨርጂኒያ በጋው ሲገባ ጣሪያዋን ገልጦ መንዳት ደስ ይላል፤ የጎማና የፕላስቲክ ቱቦና ዕቃዋ ግን ሠላሳ ዓመት አልፎታል፣ አንዱን ስታድኑ ሌላው ተራውን ይጠብቃል።

መጀመሪያ ኩላንት መሆኑን እወቁ። ኤሲ ከፍታችሁ ከነዳችሁ በተሳፋሪው በኩል ከስር የሚንጠባጠበው ንጹሕ ውሃ ጤና ነው። ኩላንት ጣት ላይ ያሟልጫል፣ ሽታው ጣፋጭ ነው፣ ቀለምም አለው። እንዳትቀምሱት። ውስጡ ያለው ኤቲሊን ግላይኮል መርዝ ነው፤ ውሻና ድመት ይልሱታል፣ ጥቂቱም ይገድላቸዋል። መሬት ላይ የፈሰሰውን ወዲያው ጥረጉ። የራዲያተሩን ክዳን ደግሞ ሞተሩ እንደጋለ አትንኩ፤ ይህን ማንም ያውቀዋል፣ በየዓመቱ ፊቱን የሚቃጠል ግን አይጠፋም።

ከዚያ ሞተሩን እጠቡና አድርቁ። የቆሸሸ ሞተር ላይ አዲሱን እርጥበት ከአሮጌው መለየት አይቻልም። ኩላንት እንደ ቆርቆሮ ቤት ዝናብ ነው፤ የሚንጠባጠበው አልጋው ላይ ቢሆንም ሚስማሩ የላላው ሌላ ጥግ ነው። ስትነዱ ነፋሱ ወደኋላ ይገፋዋል፣ ስትቆሙ ወደታች ይወርዳል። ስለዚህ የምትፈልጉት ከሁሉ ከፍ ያለውንና ከሁሉ ወደፊት ያለውን እርጥብ ቦታ ነው።

እውነቱን የሚያወጣው መሣሪያ ራዲያተር ላይ የሚገጠመው፣ ግፊት የሚያሳይ መርፌ ያለው የእጅ ፓምፕ ነው። መግዛት አያስፈልግም፤ ብዙ የመለዋወጫ ሱቆች መያዣ ተቀብለው ያውሱታል። ሞተሩ ፍጹም በቀዘቀዘበት ሰዓት ራዲያተሩን ሙሉ፣ ፓምፑን በክዳኑ ቦታ ግጠሙና እስከ 13 ፒኤስአይ ንፉ፤ ክዳኑ የሚይዘው ግፊትም ያው ወደ 0.9 ባር ስለሆነ ከዚያ አታሳልፉ፣ የደከመ ፕላስቲክ ትሰነጥቃላችሁ። 15 ደቂቃ ጠብቁ። መርፌው ከወረደ የእጅ ባትሪና ትንሽ መስታወት ይዛችሁ ግቡ። በቅዝቃዜ ብቻ የሚያፈስ አለ፤ የቱቦው ጎማ ሲኮማተር ፋሼታው (የቱቦው ማሰሪያ ቀለበት) ይላላል፣ ሲሞቅ ራሱ ይዘጋል። ጠዋት መፈተሽ የምወደው ለዚህ ነው።

ከፊት ጀምሩ። የራዲያተሩ የላይ ፕላስቲክ ጥቁር መሆን ሲገባው ወደ ቡናማ ከሄደ ዕድሜው አልቋል። ፕላስቲኩ ከአሉሚኒየሙ ጋር የሚገጥምበት ላይ የደረቀ ነጭ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት ፈልጉ። የማኒኮቶዎቹንም (የውሃ ቱቦዎቹን) ጫፍ ጫፍ እዩ።

የውሃ ፓምፑ ሆን ተብሎ የተተወለት ትንሽ ቀዳዳ አለው፤ የውስጥ ማኅተሙ ሲያልቅ በዚያ ያንጠባጥባል። የደረቀ እድፍ ብቻ ከሆነ አትደንግጡ፣ እርጥብ ከሆነ ግን አለቀለት። ፓምፑን የሚያዞረው የውጪው ችንጋ ነው፤ ለማውጣት ግን የውስጡን፣ የታይሚንግ ችንጋውን መፍታት ግድ ነው። ስለዚህ አብራችሁ ቀይሩ፣ ያንን ሥራ ሁለት ጊዜ መክፈል ሞኝነት ነው።

ሰው የሚሳሳተው ከኋላ ነው። የሂተሩ (የውስጥ ማሞቂያው) ውሃ ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይ ክፍል) ጀርባ ይወጣል፤ ቦታው ከፋየርዎሉ (ሞተሩን ከጋቢናው ከሚለየው ግድግዳ) ጋር ተጣብቆ እጅ አያስገባም። እዚያ ያለው ጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያ ማሸጊያ) ወይም ማኒኮቶ ሲያዣ ውሃው በሞተሩ ጀርባ ወርዶ ሞተርና ጊርቦክስ (ካምቢዮ) ከሚጋጠሙበት ጠብ ይላል። ከስር የሚያይ ሰው «የሞተሩ የኋላ ሲል (ማኅተም) ነው፣ ጊርቦክስ ይውረድ» ይላል። ነገሩን የሚያወሳስበው እዚያው ቴስታታ ጀርባ ያለው የሴንሰር ኦሪንግም (የጎማ ቀለበት) ዘይት ማንጠባጠብ መውደዱ ነው፤ ሁለቱ ተቀላቅለው ይወርዳሉ። ነጭ ሶፍት በረጅም ፒንሳ ይዛችሁ ከቴስታታው ጀርባ ጥረጉ፣ የእጅ ፓምፑን ንፉ፣ አዲስ ሶፍት መልሳችሁ አስነኩ። ዘይት ቡናማ ሆኖ ይቀራል፤ ኩላንት ሶፍቱን በቀለሙ ያረጥበዋል። ጊርቦክስ ከማስወረዳችሁ በፊት ይህችን አድርጉ።

ባለ 1.8ቶቹ ዘይት ፊልትሮው ጋ የሚሄዱ ቀጫጭን የኩላንት ቱቦዎችም አሏቸው፤ ከኢንቴኩ (ከአየር ማስገቢያው) ስር ስለተደበቁ ይረሳሉ። ምንጣፉ በተሳፋሪው እግር በኩል ከረጠበና መስታወቱ ቅባት ባለው ጉም ከተሸፈነ ደግሞ የሂተሩ ራዲያተር ነው።

መርፌው እየወረደ የትም እርጥበት ካጣችሁ ፍሳሹ የውስጥ ሊሆን ይችላል፤ የቴስታታውን ጓርኒሲዮን በጋዝ መፈተሻው ሰማያዊ ፈሳሽ አስፈትሹ፣ ቢጫ ከሆነ የጭስ ጋዝ ገብቷል። መርፌው ካልወረደ ግን የራዲያተሩን ክዳን ራሱን በእጅ ፓምፑ ሞክሩት።

ከጠገናችሁ በኋላ አፍንጫዋን ከፍ አድርጋችሁ፣ ሂተሩን ሙቅ ላይ ከፍታችሁ አየሩን አስወጡ። በማግስቱ ጠዋት በቀዝቃዛው እንደገና ንፉ፤ መርፌው ካልተነቃነቀ ፓምፑን ለሱቁ መልሱና መያዣችሁን ተቀበሉ።