ሮቶው ሞልቶ ፈሰሰ፣ ሬዲዮው ዝም አለ

ደሴ ውስጥ ዳገት ላይ ሮቶ ያለው ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ውሃው ሲያሻው ሌሊት ይመጣል። መሙላቱን ለማየት በጭጋግ ዳገት መውጣት ነው። ይሄ ሲሰለቸኝ የውሃ መጠን የሚለካ ሴንሰር ሎራ ከሚባል፣ በትንሽ ኃይል ሩቅ ከሚደርስ የሬዲዮ ሞጁል ጋር አያይዤ ሮቶው ላይ ሰቀልኩ፤ መልእክቱን የሚቀበል ሌላ ሞጁል ደግሞ ቤት አስቀመጥኩ። ሲም ካርድ አይፈልግም፣ ወርሃዊ ክፍያም የለውም። ከዚያ ወዲህ ደሴም ኮምቦልቻም ለወዳጆች ተክያለሁ። መልእክት ሲጠፋ ሁሉም መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሞጁሉን ነው። ሞጁሉ ግን ብዙ ጊዜ ከደሙ ንጹሕ ነው።

ጠረጴዛ ላይም አይገናኙም

ሁለቱ ሞጁሎች ላይ ፍሪኩዌንሲው፣ ባንድዊድዙ (የሚይዘው የፍሪኩዌንሲ ስፋት)፣ ስፕሬዲንግ ፋክተሩ (መልእክቱ ምን ያህል ቀስ ተብሎ እንደሚላክ) እና ሲንክ ወርዱ (የመተዋወቂያ ኮዱ) አንድ መሆን አለባቸው። አንዷ ከተለየች መደማመጥ የለም። ቺፑንም እዩት። ኤስኤክስ 1278 እስከ 525 ሜጋኸርዝ ነው የሚሄደው፤ 868 ላይ አይሠራም። 868 ላይ ከሚሠራው 1276 ጋር መንታ ስለሚመስሉ ሲገዙ መሸወድ ቀላል ነው።

ስትሞክሩ ጥቂት ሜትር አራርቋቸው፣ ኃይሉንም ቀንሱ። አፍንጫ ለአፍንጫ ከተቀመጡ ተቀባዩ ይደነቁራል። ደግሞ አንቴና ሳትሰኩ እንዳታስተላልፉ፣ ሞጁሉን ልታቃጥሉት ትችላላችሁ።

ቤት ይሠራል፣ ቦታው ላይ ድምፁ ይጠፋል

ዋናው ጣጣ እዚህ ነው።

ከአንቴናው ጀምሩ። የሩብ ሞገድ ዘንግ ለ433 ሜጋኸርዝ 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ለ868 ደግሞ 8 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ከዚያ የመሰኪያውን መሃል ተመልከቱ። በሁለቱም በኩል ቀዳዳ ከሆነ፣ ጥርሱ ቢጠብቅም መሃል ላይ የሚነካካ ነገር የለም። እኔን ግማሽ ቀን ያስለፋኝ ይሄ ነው።

ቀጥሎ ኬብሉ። አንቴናውን ጣሪያ ላይ አውጥተው ሞጁሉን ሳሎን የሚተዉ አሉ። 868 ላይ 10 ሜትር ቀጭን ኬብል ከአሥር እጅ ዘጠኙን ያህል ኃይል ይበላል። ይልቅ ሞጁሉን ራሱን ወደ ላይ አውጡትና የመብራቱን ገመድ አርዝሙ። ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ግን አታስቀምጡት።

ከዚያ እይታ። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች፣ ሸንተረር የበዛባት ከተማ ናት። 500 ሜትር ርቀት ላይ ያለ ቤት በአንድ ጉብታ ይጋረዳል። ማዶ ያለው ደግሞ 3 ኪሎ ሜትር ርቆም ጥርት ብሎ ይሰማል። መተያየት ብቻ ግን አይበቃም። ለ3 ኪሎ ሜትር በ868 ላይ፣ መሃል መንገድ ላይ ከእይታ መስመሩ በታች 10 ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ያስፈልጋል። ባሕር ዛፍ እዚያ ውስጥ ከገባ፣ በተለይ ቅጠሉ ሲረጥብ፣ ምልክቱ ይደክማል። ፖሉን ከፍ ማድረግ ወይም ሸንተረሩ ላይ ደጋሚ፣ ማለትም መልእክቱን ተቀብሎ መልሶ የሚልክ ሞጁል፣ መትከል ነው። «ከደሴ ኮምቦልቻ ቀጥታ ይደርሳል?» ይሉኛል። ኮምቦልቻ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ከተራራው ማዶ ነው ያለችው። ያለ ደጋሚ በከንቱ አትድከሙ።

ኃይል ልጨምር የሚል አይጠፋም። ፈቃድ ባያስፈልገው እንኳ ገደብ የለውም ማለት ግን አይደለም። ፍሪኩዌንሲ የሚያስተዳድረው በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1148 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ባንዱንና የኃይል ጣሪያውን ከመግዛታችሁ በፊት እዚያ ጠይቁ። ስፕሬዲንግ ፋክተሩን ከ7 ወደ 12 ማሳደግ ይረዳል፣ ግን በነጻ አይደለም። አንዷ አጭር መልእክት ከአንድ ሰከንድ በላይ አየር ላይ ትቆያለች። ባትሪ ትበላለች፣ ሮቶዎቹ ሲበዙም እርስ በርስ ይጋጫሉ።

ክረምት ሲገባ ይሞታል

ዝናቡን አትውቀሱ፤ በእነዚህ ፍሪኩዌንሲዎች ዝናብ ራሱ ምልክቱን እምብዛም አይነካም። የሚገድለው መሰኪያው ውስጥ የገባው ውሃ ነው። ፍቱት፣ አረንጓዴ ዝገት ካለ ቀይሩት። ራሱ ላይ የሚጣበቅ የጎማ ቴፕ ጠምጥሙበት። ኬብሉ ሳጥኑ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ይቆልመም፣ ጠብታው እዚያ ይውረድ።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ባትሪውን የሚሞላው ሶላር ነው። ሐምሌና ነሐሴ ደሴ ፀሐይ የምታይባቸው ሰዓቶች ጥቂት ናቸው። ፓነሉን በጥር ፀሐይ ለክታችሁ ከገዛችሁ አነሰ ማለት ነው። በየደቂቃው መላክም ቅንጦት ነው፤ ሮቶ በየ15 ደቂቃው ቢናገር ይበቃዋል።

ሌሊት ጠፍቶ ረፋድ ላይ ይመለሳል

ከእያንዳንዱ መልእክት ጋር የባትሪውን ቮልት አብራችሁ ላኩ። ከመጥፋቱ በፊት ቮልቱ እየወረደ ከመጣ ባትሪው ነው። ሞጁሉ በሙሉ ኃይል ሲልክ 120 ሚሊአምፔር ያህል ይስባል። የደከመ ባትሪ ወይም ቀጭን ገመድ በዚያች ቅጽበት ይወድቅና ሁሉም እንደገና ይነሳል። ሞጁሉ አጠገብ 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር (ለአፍታ የሚሆን ኃይል የሚያጠራቅም ዕቃ) ማድረግ ያግዛል።

ቮልቱ ደህና ሆኖ ከጠፋ ብርዱን ጠርጥሩ። ፍሪኩዌንሲውን የሚጠብቀው የሞጁሉ ክሪስታል ሲቀዘቅዝ ፍሪኩዌንሲው ትንሽ ይንሸራተታል። ባንድዊድዙን እጅግ አጥብባችሁ ከሆነ ተቀባዩ ያጣዋል። ወደ 125 ኪሎኸርዝ መልሱት።

ማሽን ሲነሳ መልእክት ይጎድላል

ይሄኛው ያጋጠመኝ ኮምቦልቻ ነው፣ ወፍጮ ቤት አጠገብ። ሞተሩ ሲዞር ከአሥር መልእክት ሦስት አራቱ ይጎድላል። አንቴናውን ከሞተሩና ከመብራት ገመዱ አራቅኩት። መልስ ካላገኘ ደግሞ እንዲልክ አደረግኩ። አሁን የሚጎድለው ወፍጮው ሲነሳ አንድ ሁለቴ ነው፣ እሱንም በድጋሚ ልኮ ያደርሰዋል።