ጸጥ ያለ ባሕር ሲያታልለን፦ በፓስፊክ ዳርቻ የምንሠራቸው ስህተቶች

«እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ» የምንለው የወንዝ ውሃ አይተን ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ወዳለችው ኦክላንድ ከመጣሁ ወዲህ ግን ይህ አባባል ከሰሜን ካሊፎርኒያ እስከ ዋሽንግተን ግዛት ላለው ባሕር የተነገረ ይመስለኛል። እዚህ የምንኖር አበሾች አብዛኞቻችን ባሕር ሳናይ ያደግን ነን፤ ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣልን ደግሞ ቶሎ የምናሳየው ይህንኑ ባሕር ነው።

ትልቁ ስህተታችን ባሕሩን በአንድ እይታ መመዘን ነው። ከመኪና ወርደን እናየዋለን፤ ሞገዱ ትንሽ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። «ዛሬስ ተኝቷል» እንላለን። ነገር ግን በተለይ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ዳርቻውን የሚመታው ማዕበል ብዙ ጊዜ የሚነሣው በአላስካ አቅጣጫ፣ ከእኛ በጣም ርቆ ከተነሣ አውሎ ነፋስ ነው። ስለዚህ እኛ ያለንበት ፀሐይ ስለ ማዕበሉ ምንም አይነግረንም። ከሩቅ የመጡት ሞገዶች አንዳንዴ አንዱ በሌላው ላይ ይደረባሉ፤ ለ10 ወይም ለ20 ደቂቃ ትንንሽ ሞገድ ብቻ ሲመላለስ ቆይቶ፣ ድንገት አንዱ ሌሎቹ ካቆሙበት ብዙ አልፎ አሸዋው ላይ ይወጣል። ከመውረዳችሁ በፊት ከፍ ካለ ቦታ ሆናችሁ ቢያንስ 20 ደቂቃ ተመልከቱ። አሸዋው እርጥብ ከሆነ ውሃው እዚያ ደርሶ ነበር ማለት ነው፤ ምንጣፋችሁን ከዚያ በጣም አርቃችሁ አንጥፉ። በዚያው ቀን የብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎቱን ማስጠንቀቂያ ማየትም ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ለፎቶ ብሎ ለባሕሩ ጀርባ መስጠት ሌላው ነው። ሙሽሮችና ሚዜዎች በረጅም ቀሚስ ውሃው ጫፍ ላይ ተደርድረው ሳይ ልቤ ይርዳል። ፎቶ አንሺው ዓይኑ ካሜራው ላይ ነው፤ የሚነሡትም እሱን ያያሉ። አንድ ሰው ሥራው ባሕሩን ማየት ብቻ ይሁን። የሕፃናትን እጅ ደግሞ አትልቀቁ።

ከፍ ያለ ነገር ላይ ከወጣን የዳንን ይመስለናል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2010 ሃፍ ሙን ቤይ አጠገብ፣ ማቨሪክስ በተባለው ቦታ በሰሌዳ ሞገድ ላይ የመንሸራተት (ሰርፊንግ) ውድድር ሊያዩ በድንጋይ ግንቡ ላይ የቆሙ ብዙ ተመልካቾች በማዕበል ተመትተው ተጎድተዋል። በኦሪገንና በዋሽንግተን ዳርቻ የወደቁት ግዙፍ ግንዶች ደግሞ ከሁሉ ይብሳሉ። ልጆች ይወጡባቸዋል፤ ቁርጭምጭሚት የማያልፍ ውሃ ግን ግንዱን አንሥቶ ሰው ላይ ሊያንከባልለው ይችላል።

«መዋኘት እችላለሁ» የሚለውም አለ። ላንጋኖ የለመደ ሰው ይህን ውሃ አያውቀውም። እዚህ ቅዝቃዜው አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ ድንገት የገባበት ሰው ሳይወድ በግድ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ይስባል፤ አፉ ውሃ ውስጥ ከሆነ የሚስበው ውሃ ነው። ልብሱም አሸዋ ሞልቶት ይከብደዋል። ከተወሰዳችሁ ጉልበታችሁን በትግል አትጨርሱ፤ ትንፋሻችሁ እስኪመለስ በጀርባችሁ ተንሳፈፉ።

የመጨረሻውን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ምክንያቱም የሚመጣው ከፍቅር ነው፦ የተወሰደውን ለማዳን ተከትሎ መግባት። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2012 በሰሜን ካሊፎርኒያ ቢግ ላጉን ዳርቻ ማዕበል የአንድ ቤተሰብን ውሻ ወሰደ። ልጁ ውሻውን፣ ወላጆቹም የቤተሰባቸውን ሰው ለማዳን ገቡ። ሦስቱም ሞቱ። ውሻው በራሱ ወጣ።

ወገን ውሃ ሲወስደው ቆሞ ማየት ለእኛ ከባድ ነው፤ ቢሆንም አትግቡ። 911 ደውሉ። አንዱ ሲደውል ሌላው ዓይኑን ከሰውየው ላይ አይንቀል፤ የሚንሳፈፍ ነገር ካለ ወርውሩለት። የዳርቻውን ስም ገና መኪና ስታቆሙ ለሁሉም ንገሩ፤ ለጥየቃ የመጡ እናትና አባት አብረዋችሁ ካሉ 911 ሲደውሉ «አምሃሪክ» ብለው አስተርጓሚ መጠየቅ እንደሚችሉ አስረዷቸው።