ለማይታወቅ እንግዳ መጥመቅ፦ በበርሜል በሚከርሙ ውስን ቢራዎች ንግድ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ጠላ የምትጠምቅ እናት ድግሱ መቼ እንደሆነ ታውቃለች። የተጠሩትን ሰዎች በግምት ቆጥራ ስንት ጋን እንደሚበቃ ታሰላለች። ቢጎድልባት ከጎረቤት ትበደራለች፤ ቢተርፋት በማግስቱ የሚመጣ ዘመድ አይጠፋም። በቦርበን ዊስኪ በርሜል ጥቁር ቢራ የሚያከርም ጠማቂ ይህ ዕድል የለውም። ዛሬ የሞላው በርሜል የሚከፈተው ከዓመት ገደማ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ስንት ሰው እንደሚመጣ፣ የመጣውስ ምን እንደሚያምረው አያውቅም።

ይህን ንግድ የማውቀው በዋሽንግተን ዲሲ ከአንዲት ትንሽ የመጠጥ ሱቅ ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ነው። በዚህች ከተማ የመጠጥ ሱቅ ያላቸው ኢትዮጵያውያን ብዙ ስለሆኑ የምጽፈው ለጠማቂዎች ብቻ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ፤ ከስህተቶቹ ገሚሱን የምንሠራው እኛ ሻጮች ነን።

ለማያውቀው በአጭሩ ላስረዳ። የአሜሪካ ሕግ ቦርበን ዊስኪ በአዲስና ውስጡ በእሳት በተለበለበ የኦክ እንጨት ዕቃ እንዲከርም ያዛል። ስለዚህ ዊስኪው ሲወጣ ባዶው በርሜል ለቦርበን ዳግመኛ አያገለግልም፤ 200 ሊትር ገደማ የሚይዘው ይህ ዕቃ ለሌሎች ይሸጣል። በ1990ዎቹ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የቺካጎው ቢራ ጠማቂ ጉስ አይላንድ ወፍራም ጥቁር ቢራውን በእነዚህ በርሜሎች አክርሞ ቦርበን ካውንቲ ስታውት ብሎ ሰየመው፤ ሌሎችም ተከተሉት። ጋን በወይራ ጭስ ሲታጠን ያየ ሰው እንጨት ለመጠጥ ምን እንደሚጨምርለት ማብራሪያ አይጠይቅም።

ሰልፉን ፍላጎት ነው ብሎ መቁጠር

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው። ቦርበን ካውንቲ የሚወጣው በኅዳር ከሚውለው የአሜሪካኖች የምስጋና በዓል፣ ከታንክስጊቪንግ ማግስት ነው። በዚያ ብርድ ገና ሳይነጋ ሰው በየሱቁ ደጅ ይሰለፋል። ጠማቂው ፎቶግራፉን አይቶ «አሥር እጥፍ ብሠራም ይሸጥልኛል» ይላል። ሰልፉ ውስጥ ግን ጠጪው አለ፣ መልሶ ለመሸጥ የመጣው አለ፣ ሰው ስለተሰለፈ የተሰለፈው አለ፣ ለባልደረባው ተራ የያዘም አለ። ከእኔ ሱቅ አንድ ጠርሙስ የወሰደው ሰው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ሌላ ሱቅ ደጅ ይቆማል። ያ አንድ ሰው በሦስት ሱቅ ሦስት ሆኖ ይቆጠራል።

እኛ ሻጮችም እንዋሻለን። አከፋፋዩ «ስንት ካርቶን ትፈልጋለህ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ሁለት ብቻ እንደሚደርሰኝ ስለማውቅ አሥር እለዋለሁ። ጎረቤቴም የእኔን ጠርጥሮ አሥራ አምስት ይላል። አከፋፋዩ የሁላችንንም ደምሮ ወደ ጠማቂው ይልከዋል። ጠማቂው እጅ የሚገባው ቁጥር እንግዲህ ማንም ሰው ሊጠጣው ያላሰበ ቢራ ነው። ኮታ እስካለ ድረስ ይህ ውሸት ማንንም አይጎዳም፤ ጉዱ የሚፈላው የጠየቅነው ሁሉ የመጣ ዕለት ነው።

ደርሶብኛል። አንድ ዓመት፣ ስሙን የማልጠቅሰው ጠማቂ ምርቱን ከፍ አድርጎ አሥር ብዬ አሥር ላከልኝ። ሁለቱ ካርቶን በመጀመሪያው ቀን አለቀ። ሦስቱ እስከ ፈረንጆች ገና ተጎተተ። የቀሩት አምስቱ ለፋሲካ ደረሱ፤ ያውም ዋጋቸው ተቆርጦ። በሚቀጥለው ዓመት አከፋፋዩ ሲጠይቀኝ ሁለት አልኩት። ጠማቂው ያን ጊዜ ምን እንዳሰበ እገምታለሁ፤ ፍላጎት በአንድ ዓመት ከአምስት እጅ አራቱን ያጣ መስሎታል። ሁለቱም ቁጥር እውነት አልነበረም።

ታዲያ ምን ይቆጠር? እኔ ብሆን መጀመሪያ ቀን የተሸጠውን ትቼ በአምስተኛው ሳምንት የተሸጠውን እጠይቃለሁ። ግርግሩ ካለፈ በኋላ ተመልሶ ሁለተኛ ጠርሙስ የሚገዛው ማን ነው? ከዚህ የሚሻለው ደግሞ ቀብድ ነው። የካሊፎርኒያው ዘ ብሩወሪ ለአባላቱ ብቻ የሚሸጣቸው የበርሜል ቢራዎች አሉት። አባሉ አስቀድሞ ይከፍላል፤ ጠማቂው ስንት ሰው እንዳለው ያውቃል፣ ቢራው ተኝቶ በሚከርምበት ጊዜም እጁ ባዶ አይሆንም። ቀብድ ያልተያዘበት ትዕዛዝ ምኞት መሆኑን የሰርግ ድንኳን የሚያከራይ ሁሉ ያውቀዋል።

ያምናውን እጥረት ዘንድሮ ለማከም መሞከር

ሽንኩርት በተወደደ ማግስት ገበሬው ሁሉ ሽንኩርት ይተክላል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲያጭድ ዋጋው ይወድቃል። የበርሜል ቢራም ዕጣ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ የበርሜሉ «አዝመራ» አንድ ዓመት መፍጀቱ ነው። ባለፈው ኅዳር በጠፋው ቢራ ተደናግጦ ዘንድሮ በርሜል የሚያበዛ ሰው ምርቱን ገበያ የሚያደርሰው ጎረቤቶቹም እንደ እሱ ተደናግጠው ባበዙበት ወቅት ነው።

የሚሺጋኑ ጠማቂ ፋውንደርስ ኬቢኤስ የተባለውን የቡናና የቸኮሌት ጥቁር ቢራውን በግራንድ ራፒድስ ከተማ ሥር በሚገኙ የድሮ የጂፕሰም ማዕድን ዋሻዎች ያከርመዋል። አንድ ሰሞን ይህ ቢራ ሱቅ ገብቶ አይውልም ነበር። ጠማቂው ምርቱን እያሰፋ ሄደ፤ ቢራውም ከመደርደሪያ የማይጠፋ ሆነ። ብዙዎች «ወደቀ» አሉ። እኔ አልስማማም። ሰው ተሰልፎ የሚፈልገው መጠጥ ማንም በፈለገው ቀን የሚያገኘው ሆነ፤ ለጠጪ ከዚህ የተሻለ ምን አለ? ስህተቱ ምርቱን ማብዛቱ ላይ አይደለም። ምርቱ በዝቶ ሰልፉም እንዳለ ይቀጥላል ብሎ ማሰቡ ላይ ነው። ጠማቂው ከሁለቱ የቱን እንደሚፈልግ በርሜል ከመግዛቱ በፊት ይወስን።

መውጫው ክምችት ነው። እዚህ ላይ ብራስልስ ውስጥ ከ1900 ጀምሮ የሚሠራው ካንቲዮን ጥሩ አስተማሪ ነው። እርሾ አይጨምርም፤ የፈላውን የብቅል ውሃ በክፍት ገበታ ሌሊቱን አቀዝቅዞ ከአየሩ የሚመጣ እርሾ እንዲያብላላው ይተወዋል። ይህ የሚሆነው በቀዝቃዛው ወራት ብቻ ስለሆነ ቢፈልግ እንኳን በሞቃቱ ወራት ምርት መጨመር አይችልም። ከዚያ ቢራው በእንጨት በርሜል ይተኛል። ጉዝ የሚባለው ቢራ የሚሠራው የአንድ፣ የሁለትና የሦስት ዓመቱን በማዋሃድ ነው። በርሜሎቹ እንደ ጎተራ ናቸው፦ የአንዱ ዓመት ምርት ቢያንስ ወይም ባይጣፍጥ የሌላው ዓመት ይደግፈዋል። የቦርበን በርሜል የሚጠቀመውም ሰው በአንድ ኅዳር ሁሉንም ከመክፈት የተወሰነውን ለሁለተኛ ዓመት ቢያሳድር ገበያው በቀዘቀዘ ጊዜ አይንበረከክም፣ በሞቀ ጊዜም ባዶ እጁን አይቀርም።

በርሜሉ ሳይቀመስ ቁጥር መናገር

ለምሳሌ አንድ መቶ በርሜል ቢሞላ 20,000 ሊትር ነው፤ በግማሽ ሊትር ጠርሙስ 40,000 ጠርሙስ። ቸኩሎ ይህን ቁጥር ለአከፋፋይ የሚናገር አለ። እንጨቱ ግን ይጠጣል፤ ቢራውም ይተናል። ከአሥር አንዱ እጅ ቢጎድል 18,000 ሊትር ይቀራል። ከመቶው አምስቱ ደግሞ ቢኮመጥጡ፣ እነሱን ማፍሰስ ግድ ነው። ያኔ የሚገኘው 34,200 ጠርሙስ ነው። የ5,800 ጠርሙስ ልዩነት የማን ኮታ ላይ እንደሚያርፍ እኔን ጠይቁኝ፤ ሁልጊዜ የትንሹ ሱቅ ላይ ነው።

ማፍሰስን የሚፈራ ጠማቂ ደግሞ ሌላ ጥፋት ያጠፋል፦ አጠራጣሪውን በርሜል ከደህናው ጋር ይደባልቀዋል። አንዱ የተበላሸ ሁሉንም ሊያበላሽ ይችላል። የጉስ አይላንድን ያህል ልምድ ያለው ቤት እንኳን አላመለጠም። በ2015 ካወጣቸው የቦርበን ካውንቲ ቢራዎች አንዳንዶቹ ጠርሙስ ውስጥ ኮመጠጡ፤ ምክንያቱ ላክቶባሲለስ አሴቶቶለራንስ የተባለ ባክቴሪያ ሆኖ ተገኘ። ኩባንያው በ2016 ለገዢዎች ገንዘባቸውን መለሰ፤ ከዚያ ዓመት ምርት ጀምሮም ቢራውን ከማሸጉ በፊት ለአጭር ጊዜ በሙቀት ማሳለፍ ጀመረ። ጠርሙስ ለዓመታት የሚያስቀምጡ አንዳንድ ወዳጆቹ ሙቀቱን አልወደዱለትም። ኮምጣጤ ከመግዛት ግን ይሻላል።

ዋጋን ብቸኛ መሣሪያ ማድረግ

የምጣኔ ሀብት ትምህርት ቀላል መልስ አለው፦ ዕቃ ከጎደለ ዋጋ ጨምር። እውነት ነው፣ ዋጋው በጣም ዝቅ ሲል ትርፉን መልሶ ሻጩ ይወስደዋል። ነገር ግን ቢራ እንደ ወይን የሀብታም ገበታ ጌጥ ሆኖ አላደገም፤ ጠጪው ሲዘረፍ ያውቃል፣ አይረሳምም።

ሌላውን ጫፍ ለማየት ወደ ቤልጅየም መሄድ ነው። የዌስትቭሌተረን ቢራ በበርሜል የሚከርም አይደለም፤ እጥረቱ ግን የታወቀ ነው። የቅዱስ ሲክስተስ ገዳም መነኮሳት የሚጠምቁት ገዳሙን ለማኖር የሚበቃውን ያህል ብቻ ነው። ዓለም በ2005 «የመጀመሪያው ምርጥ ቢራ» ብሎ ሲጮህላቸው እንኳን ምርታቸውን አላበዙም፣ ዋጋቸውንም አልሰቀሉም። ገዢው በስልክ ቀጠሮ ይይዝ፣ የመኪናውን ሰሌዳ ቁጥር ያስመዘግብ፣ መልሶ እንዳይሸጥም ቃል ይገባ ነበር። በ2018 አንድ የሆላንድ ሱፐርማርኬት ቢራቸውን አግኝቶ ጠርሙሱን በአሥር ዩሮ ገደማ ሲሸጥ መነኮሳቱ በግልጽ አዘኑ። በ2019 ስልኩን በኢንተርኔት ምዝገባ ተኩ፤ አዲስ ገዢ ቅድሚያ እንዲያገኝም አደረጉ።

መነኩሴ ያልሆነ ነጋዴ ይህን ሁሉ ማድረግ አይችል ይሆናል። ዕጣ ማውጣትና ትኬት አስቀድሞ መሸጥ ግን ይችላል። ኢንዲያና ውስጥ የሚገኘው ስሪ ፍሎይድስ ዳርክ ሎርድ የተባለውን ጥቁር ቢራውን የሚሸጠው በዓመት አንድ ቀን፣ ትኬት ለያዙ ሰዎች ነው። ዕጣን እኛ ከዕቁብ እናውቀዋለን፦ ያልደረሰው ሰው ያዝናል እንጂ አይቆጣም። በዋጋ የተባረረው ግን ይቆጣል።

ተፈላጊውን ቢራ ማጥመጃ ማድረግ

በአሜሪካ በአብዛኛው ጠማቂው ለአከፋፋይ፣ አከፋፋዩ ለሱቅ ይሸጣል። አንዳንድ አከፋፋይ «ይህን ብርቅ ካርቶን ከፈለግህ ያንን የማይሸጠውንም አሥር ካርቶን ውሰድ» ይላል። የፌዴራል ሕግ አንዱን መጠጥ ለማግኘት ሌላውን መግዛት ቅድመ ሁኔታ እንዳይሆን ይከለክላል፤ ስለዚህ ነገሩ በጥቅሻ ይነገራል። አዲስ ሱቅ የከፈታችሁ ወገኖቼ እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። በአንዱ ካርቶን የምታገኙትን ትርፍ ያልተሸጠው አሥር ካርቶን ይበላዋል።

ጠማቂውም «አከፋፋዩ ያውቃል» ብሎ አይተኛ። ቢራው የት እንደደረሰ የማያውቅ ሰው ለምን እንደጎደለም አያውቅም።

ጣዕም ማብዛት

ቫኒላ፣ ኮኮናት፣ ቡና፣ በርበሬ፣ ቀረፋ። አንድ ቢራ በስምንት ልብስ ሲመጣ ሰብሳቢው በመጀመሪያ ዓመት ስምንቱንም ይገዛል፤ በሦስተኛው ዓመት አንዱንም አይገዛም።

ገዢውም ይሳሳታል

ቢራውን ያገኘ ሰው ብዙ ጊዜ አይጠጣውም፤ ይደብቀዋል። ጠንካራ ጥቁር ቢራ ቀዝቀዝ ባለና ብርሃን በሌለበት ቦታ ቆሞ ቢቀመጥ ዓመታት ይቆያል፤ ቡና የገባበት ግን የቡና መዓዛው በወራት ውስጥ ይደክማል፤ ለልጅ ምርቃት ብሎ ማቆየት ገንዘብ ማባከን ነው። መልሶ ለመሸጥ ያሰበም ያለ ፈቃድ አልኮል መሸጥ ሕገ ወጥ መሆኑን አይርሳ።

ከደንበኞቼ አንድ ጡረታ የወጡ የታክሲ ሹፌር አሉ። ተሰልፈው አያውቁም። የካቲት አጋማሽ ላይ፣ ወሬው ሁሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ብቅ ይሉና «ልጄ፣ ያ የቡና ጠላ ተርፏል?» ይሉኛል። ከባንኮኒው ሥር ሁለት ጠርሙስ አስቀምጥላቸዋለሁ። አንዱን ለራሳቸው፣ አንዱን ለባለቤታቸው ወንድም ይወስዳሉ፤ በማግስቱ ሲያልፉ ባዶውን ጠርሙስ ለጌጥ እንዳደርገው ይመልሱልኛል። ለአከፋፋዩ በምሰጠው ቁጥር ውስጥ እሳቸው ገብተው አያውቁም።